ሰባት ጎጆዎች በአንዲት የኮራል ደሴት፦ ተፈጥሮን ሳይጎዳ እንግዳ የሚያስተናግድ ሎጅ እንዴት ይሠራል?

ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው ቹምቤ ደሴት ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሰፊው ቦታዋ ከዳር እስከ ዳር 300 ሜትር ገደማ ነው። ቋሚ ነዋሪ የላትም። ምንጭ፣ ወንዝም ሆነ ተቆፍሮ የሚወጣ ንጹሕ ውሃ የላትም። የኤሌክትሪክ መስመር አልተዘረጋላትም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1904 ለመርከቦች አቅጣጫ ጠቋሚ ይሆን ዘንድ ያቆሙት የመብራት ማማ፣ የማማው ጠባቂዎች ይሰግዱበት የነበረ አነስተኛ መስጊድ እንዲሁም ደረቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኙባታል። በዚህች ደሴት ላይ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ሰባት ጎጆዎች ያሉት ሎጅ እንግዶችን ሲያስተናግድ ቆይቷል።

ሎጁ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው በጎጆዎቹ ውበት ብቻ አይደለም። ከእንግዶች የሚሰበሰበው ገቢ በደሴቷ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘውን የኮራል አለትና ደኑን ለመጠበቅ እንዲሁም የአካባቢውን ተማሪዎች ለማስተማር የሚውል በመሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. «ግሎባል 500» የተሰኘውን ሽልማት ሰጥቶታል። የባሕር ጥብቅ ክልልን በግል ባለሀብት አስተዳደርና ከቱሪዝም በሚገኝ ገቢ መጠበቅ እንደሚቻል በማሳየት ረገድም ቹምቤ በዓለም የመጀመሪያዋ ተደርጋ ትጠቀሳለች።

ጉዳዩ ለአገራችን የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነው «ገበታ ለአገር» ፕሮጀክት ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ የቱሪዝም መዳረሻ ሆነው እንዲለሙ ተደርጓል። በዳውሮ የሃላላ ኬላ ሪዞርት፣ በጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የዝሆን ዳና ሎጅ ተገንብተዋል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች። ከዚህ ጎን ለጎን በየክልሉ ለሎጅ ግንባታ የሚቀርቡ የመሬት ጥያቄዎች በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ላይ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ጥያቄዎች «ኢኮ ሎጅ» የሚል መጠሪያ ይዘው ይመጣሉ። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከምን ጋር ተመዝኖ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል እንደሚችል የሚያውቅ ባለሙያ ግን በሁሉም ጠረጴዛ ዘንድ አለ ለማለት አያስደፍርም።

የቹምቤ ታሪክ የሚጀምረው በጎጆ ሳይሆን በክልከላ ነው። ደሴቷ ከታንዛኒያ የባሕር ዳርቻ ጋር ዛንዚባርን በሚያገናኘው የመርከብ መተላለፊያ አጠገብ የምትገኝ በመሆኗ በምዕራባዊ ዳርቻዋ ዓሣ ማጥመድ ለረጅም ጊዜ አይፈቀድም ነበር። ጦር ሠራዊቱም ከትይዩ ባለው ዳርቻ ሆኖ አካባቢውን ለተኩስ ልምምድ ይጠቀምበት ነበር። ከዚህ የተነሳ ሌሎች የዛንዚባር የኮራል አለቶች በፈንጂ ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎችና አለቱን ፈንቅለው በሚጎትቱ መረቦች ሲፈራርሱ የቹምቤው አለት ሳይነካ ቆየ። ተፈጥሮን ለመጠበቅ ታስቦ ያልተደረገ ክልከላ ተፈጥሮን ጠበቀ ማለት ነው።

በታንዛኒያ በልማት ሥራ ላይ ለዓመታት የቆዩት ጀርመናዊቷ ሲቢለ ሪድሚለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን ተመልክተው ደሴቷ ጥብቅ ክልል እንድትሆን ለዛንዚባር መንግሥት ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህ ዓላማም ኩባንያ አቋቋሙ። ረዘም ያለ ድርድር ከተካሄደ በኋላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ምዕራባዊውን የኮራል አለት በአዋጅ የባሕር ጥብቅ ክልል አደረገው። ደኑም በጥብቅ ደንነት ተከለለ። የአስተዳደሩ ኃላፊነት በውል ለኩባንያው ተሰጠ። ለጎጆዎቹ የሚሆነው አነስተኛ መሬት ለ33 ዓመት በሊዝ የተላለፈ ሲሆን፣ የባሕሩ ክልል አስተዳደር ውል ግን በአሥር ዓመት የሚታደስ ነው። ሁለቱ ውሎች ተለያይተው መቅረባቸው ልብ ሊባል ይገባል። ባለሀብቱ የሚሠራበት መሬት ዋስትና ያገኛል፤ የሕዝብ ሀብት የሆነው ባሕር ግን በየጊዜው ሥራው እየታየ ይታደሳል።

እዚህ ላይ ኮራል ምን እንደሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሠሩ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚገነቡት መኖሪያ ነው። ለዓሣ መራቢያና መጠለያ የሚሆነውም ይኸው ነው። በቹምቤ ከ200 በላይ የኮራል ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ይህም በምሥራቅ አፍሪካ ከሚታወቁት ከ90 በመቶ የማያንሰው ነው። የዓሣው ዝርያ ከ400 በላይ ነው። ኮራል ለሦስት ነገሮች እጅግ ስሱ ነው፦ ለመረገጥ፣ ለውሃ ሙቀት መጨመርና ለቆሻሻ ውሃ። ከሦስቱ ሆቴል ሊቆጣጠር የሚችለው ሁለቱን ነው። የጎጆዎቹ አሠራርም በዋናነት የተወሰነው በሦስተኛው፣ ማለትም በቆሻሻ ውሃው ጉዳይ ነው።

ከውሃው እንጀምር። በደሴቷ ላይ የሚጠጣ ውሃ ስለሌለ እያንዳንዱ ጎጆ የራሱን ውሃ ከሰማይ ይሰበስባል። በዘንባባ ቅጠል የተከደነው ሰፊ ጣሪያ የዝናቡን ውሃ ተቀብሎ በአሸዋና በጠጠር ማጣሪያ በኩል ያሳልፈውና ከጎጆው ወለል በታች ወደተሠራው ማጠራቀሚያ ያወርደዋል። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ተስቦ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠ በርሜል ይወጣል። የሚሞቀው በፀሐይ ነው። ፓምፑን የሚገፋ ሰው ስንት ባልዲ እንደወጣ በክንዱ ድካም ያውቀዋል። የውሃ ቆጣሪ ሊያስተምር የማይችለውን ነገር የእጅ ፓምፕ ያስተምራል።

የዚህ አሠራር ስሌት ቀላል ነው፤ ማንኛውም የወረዳ ባለሙያ በወረቀት ሊያሰላው ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ጎጆ በዓመት 1 ሺህ ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ቦታ ቢሠራ 100 ሺህ ሊትር ይደርሰዋል። በትነትና በፍሳሽ አንድ አምስተኛው ይባክናል ብንል 80 ሺህ ሊትር ይቀራል። በጎጆው ሁለት እንግዶች ቢያድሩና እያንዳንዳቸው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀሙ ውሃው ለ400 ቀናት ይበቃል፤ ዓመቱን ይሸፍናል ማለት ነው። እንግዶቹ መታጠቢያ ገንዳና በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ተሰጥቷቸው ፍጆታቸው በነፍስ ወከፍ 300 ሊትር ቢሆን ግን 133 ቀናት ብቻ ይቆያል። ቀሪው የዓመቱ ክፍል በቦቴ የሚሸፈን ይሆናል፤ ወይም ከአካባቢው ነዋሪ ምንጭ ይወሰዳል።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ለአገራችን የሚጠቅመው ነጥብ ዝናቡ በሚመጣበት ጊዜ ላይ ነው። በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢያችን ዝናቡ በክረምት ይከማቻል። የውጭ አገር ጎብኚ የሚበዛው ደግሞ በበጋው ወራት ነው። ስለዚህ በዓመት የሚዘንበው መጠን ብቻ ታይቶ «ውሃው ይበቃል» ማለት አያስኬድም። ሰባት ወር የሚዘልቅ ደረቅ ወቅት 210 ቀን ነው። በላይ በተጠቀሰው ቁጠባ የሚኖሩ ሁለት እንግዶች በዚህ ጊዜ 42 ሺህ ሊትር ይፈልጋሉ። ይህም ማለት የማጠራቀሚያው መጠን ቢያንስ 42 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። በርካታ የፕሮጀክት ሰነዶች ስለ ጣሪያው ሲያወሩ ስለ ማጠራቀሚያው የሚያነሱት ነገር የለም። ለማጣራት የሚጠይቀው ግን አንድ ጥያቄ ነው።

ወደ መጸዳጃው ስንመጣ የቹምቤ ጎጆዎች ውሃ የሚለቅ መጸዳጃ የላቸውም። በምትኩ ዓይነ ምድሩ ከደረቅ ቅጠል ጋር እየተቀላቀለ፣ አየር እየገባው በጊዜ ብዛት ወደ ብስባሽ አፈር ይለወጣል። ሽታው በጭስ ማውጫ መሰል ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል። አባቶቻችን አመድ በመነስነስ ይሠሩት ከነበረው ብዙም የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ አየሩና እርጥበቱ በልክ መያዛቸው ነው። የገላና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ደግሞ በቀጥታ ወደ መሬት አይለቀቅም። ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ለዚሁ ተብሎ ወደተዘጋጀ የእጽዋት መደብ ይገባል። በሳሙና ውስጥ የሚገኙትን ፎስፌትና ናይትሬት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እጽዋቱ ለምግብነት ይወስዷቸዋል።

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አስፈለገ ቢባል፣ ደሴቷ ራሷ ከጥንት ኮራል የተሠራች በመሆኗ ነው። እንደ ወንፊት ቀዳዳ የበዛበት ዐለት ነው። በመሬት ውስጥ የሚቀበር ማንኛውም ፍሳሽ ብዙ ሳይቆይ ባሕር ይገባል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ባሕር ሲገቡ አልጌ ያለቅጥ ይበቅልና ኮራሉን ይሸፍነዋል። ኮራል በሌለበት ዓሣ፣ ዓሣ በሌለበት ጎብኚ አይኖርም። እኛ ኮራል ባይኖረንም ሐይቆች አሉን። በጣና ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው የእንቦጭ አረም የሚፋፋው ውሃው በንጥረ ነገር ሲበለጽግ እንደሆነ ይታወቃል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት ከእርሻና ከከተማ የሚመጣው ፍሳሽ እንጂ ሎጅ አይደለም። ሆኖም በሐይቅ ዳርቻ የሚሠራ ሎጅ ፍሳሹን የት እንደሚያደርስ በግንባታ ንድፉ ላይ ማሳየት ይገባዋል። «ሴፕቲክ ታንክ ይኖረዋል» የሚል አንድ መስመር መልስ ሊሆን አይችልም፤ ታንኩ ሲሞላ ማን፣ በምን መኪና፣ ወዴት ይወስደዋል የሚለው ይቀራልና።

የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ ከዚህ ቀለል ያለ ነው። ጎጆዎቹ በጣሪያቸው ላይ ከተተከሉ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች በሚያገኙት አነስተኛ ኃይል መብራት ያበራሉ። ማቀዝቀዣ የላቸውም። የጎጆው የፊት ለፊት ግድግዳ በገመድ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ የባሕሩ ነፋስ ሙቀቱን ያበርደዋል። አንድ የአየር ማቀዝቀዣ የሚወስደው 1 ሺህ ዋት ቢሆን እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሚወስዱ ከ100 በላይ አምፖሎችን ሊያበራ እንደሚችል ለሚያስብ ሰው የምርጫው ምክንያት ግልጽ ነው። ዛንዚባር ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2009 እስከ መጋቢት 2010 ከዋናው ምድር የሚመጣላት ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሦስት ወር ያህል በጨለማ ስትቆይ የከተማው ሆቴሎች በጄኔሬተር ናፍጣ ወጪ ተቸግረው ነበር። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘ ሎጅ እንዲህ ካለው ችግር ነጻ ነው።

ሌሊት በደሴቷ መንገዶች ላይ መብራት አይበራም። ለእንግዶች የእጅ ባትሪ ይሰጣቸዋል። ይህ የሆነው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። የኮኮናት ሸርጣን የሚባለው በመጠኑ በምድር ላይ ከሚኖሩ መሰሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ፍጥረት የሚንቀሳቀሰው በጨለማ ነው።

እንግዲህ «ቅንጦት» የተባለው የት አለ የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ የመዋኛ ገንዳና በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ የሌለው ማደሪያ በተለመደው የሆቴል ደረጃ ምደባ ብዙ ኮከብ አያገኝም። እንግዳው ግን ለአዳሩ የሚከፍለው ከበርካታ የከተማ ሆቴሎች በላይ ነው። የሚከፍለው ለቦታው ጸጥታ፣ ከጎጆው በራፍ ጥቂት እርምጃ ርቆ ለሚያገኘው ያልተነካ ባሕርና ከእሱ ሌላ ጥቂት ሰዎች ብቻ በደሴቷ ላይ ለማደራቸው ነው። የጎጆዎቹ ቁጥር ሰባት ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው። ቀን ውሎ የሚመለስ ጎብኚ የሚፈቀድለት እንኳ በሎጁ ቦታ ሲኖር ነው። ቁጥሩን ወደ ሠላሳ ከፍ ማድረግ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ገቢውን ባሳደገው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እንግዳው የሚከፍልበት ነገር አይኖርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ በሄደበት በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ ሐይቆች በአንደኛው ዳርቻ «ኢኮ ሎጅ» የሚል ሰሌዳ በተሰቀለበት ማደሪያ አንድ ሌሊት አሳልፏል። በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎጣ ደጋግሞ በመጠቀም አካባቢን መንከባከብ እንደሚገባ የሚያሳስብ ጽሑፍ ተለጥፏል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ጄኔሬተሩ እስከ ንጋት ሲያጓራ ነበር። ጣሪያው የሳር ክዳን ነው፤ ሳሩ ግን በቆርቆሮ ላይ የተደረበ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ስሙን በእውነት ለማግኘት ገንዘብና ድካም ያወጣውን ባለሀብት ግን ይጎዳል።

በቹምቤ ጉዳይ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው የሰዎቹ ነገር ነው። የባሕር ክልል ሲከለል ዳር ሆኖ የሚመለከት ዓሣ አጥማጅ አለ። ኑሮው በዚያ ባሕር ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ገና ከጅምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 አካባቢ፣ በትይዩ ካሉት መንደሮች ዓሣ አጥማጆችን በስካውትነት ቀጥሮ ማሠልጠን ጀመረ። እነዚህ ስካውቶች መሣሪያ አይዙም። ክልሉን ጥሶ የገባ ጀልባ ሲያዩ ቀርበው ያነጋግራሉ፣ ያስረዳሉ፣ የሆነውን ይመዘግባሉ። የሚያነጋግሩት ሰው የጎረቤታቸው ልጅ ወይም ቀድሞ አብሯቸው መረብ የጣለ ሊሆን ይችላል። የሚነግሩት ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ዓሣው በአለቱ ተራብቶ ከክልሉ ውጭ እንደሚወጣና ድንበሩ አጠገብ የሚጣል መረብ እንደሚያተርፍ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ የተቸገሩ ጀልባዎችን የሚረዱትም እነሱ ናቸው። በባለ ጠመንጃ ጥበቃ ሊገኝ የማይችል መግባባት በዚህ መልኩ ተገኝቷል።

ክልሉን የሚመለከቱ ጉዳዮች የሚታዩበት አማካሪ ኮሚቴም አለ። በኮሚቴው ውስጥ የዓሣ ሀብት፣ የደንና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ተቋም እንዲሁም የአጎራባች መንደሮች መሪዎች ይወከላሉ። ከሠራተኞቹ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በእንግዳ መስተንግዶ ሳይሆን በጥበቃና በትምህርት ሥራ ላይ የተሰማሩ ናቸው።

ትምህርቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የዛንዚባር ልጆች በኮራል አለት ተከበው ቢያድጉም አለቱን በውሃ ውስጥ ያዩት ጥቂቶች ነበሩ። በተለይ ልጃገረዶች ዋና የመማር ዕድል አልነበራቸውም። ሎጁ ለትምህርት ቤቶች ነጻ ጉብኝት በማዘጋጀት ተማሪዎቹ የመተንፈሻ ቱቦና የውሃ መነጽር አድርገው አለቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ያደርጋል። ልጃገረዶቹ ልማዳቸውን የሚጠብቅ ልብስ ለብሰው ይገባሉ። ባለፉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው በዚህ መርሐ ግብር ተሳትፈዋል። አስጎብኚዎቹ እነዚያው የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ደሴቷ ለሌሎች ፍጥረታትም መጠጊያ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከውጭ ገብተው ወፎችንና እንቁላላቸውን ያጠፉ የነበሩት አይጦች ከደሴቷ እንዲወገዱ ተደረገ። በዛንዚባርና በኬንያ የባሕር ዳርቻ ብቻ የሚገኘውና የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት የአደርስ ሚዳቋም ወደ ደኑ እንዲገባ ተደርጓል።

ሥራው ግን ያለ ችግር የተጓዘ አይደለም። ጠቅላላ መዋዕለ ንዋዩ 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ሰፊው ድርሻ የመሥራቿ የግል ገንዘብ ነው። ቀሪው ለጥበቃውና ለትምህርቱ ከለጋሾች የተገኘ ነው። ሐሳቡ ከቀረበ በኋላ የመጀመሪያው እንግዳ እስኪያድር ድረስ ሰባት ዓመት ያህል አልፏል። መሥራቿ ስለ ፕሮጀክቱ በጻፏቸው ጽሑፎች ላይ የመዘግየቱን ምክንያት በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ግንበኛ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው የቢሮክራሲው ውጣ ውረድ ነው፤ የመሬት፣ የደን፣ የዓሣ ሀብት፣ የቱሪዝምና የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ በየፊናው የሚጠየቅ ነበር። በግል ገንዘቡ የሕዝብን የተፈጥሮ ሀብት የሚጠብቅ ድርጅት እንደማንኛውም ትርፋማ ሆቴል ግብር መክፈሉም አቤቱታ ያስነሳ ጉዳይ ነው።

በዚህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሊኖር ይችላል። የግብር እፎይታ የሚሰጠው ለስሙ ከሆነ ነገ ሁሉም ሆቴል «ጠባቂ ነኝ» ብሎ ይመጣል። ሥራው በየዓመቱ የሚለካ ከሆነ ግን፣ ማለትም ስንት ሄክታር ተጠበቀ፣ ስንት ስካውት ደመወዝ ተከፈለው፣ ስንት ተማሪ ጎበኘ ተብሎ የሚጠየቅ ከሆነ፣ መንግሥት ራሱ ሊያወጣው ይገባ የነበረውን ወጪ የሸፈነለትን ድርጅት ማበረታታቱ ኪሳራ አይሆንበትም።

የገቢው ምንጭ አንድ ብቻ መሆኑም ሥጋት ነው። በዛንዚባር እ.ኤ.አ. ጥር 2001 የተከሰተው የፖለቲካ ግጭትና በዚያው ዓመት መስከረም በአሜሪካ የደረሰው የሽብር ጥቃት ጎብኚን ቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ 19 ወረርሽኝ የዓለምን ቱሪዝም ሲያቆመው ደግሞ በእንግዳ ገቢ የሚተዳደሩ የጥበቃ ክልሎች በሙሉ አደጋ ላይ ወድቀዋል። ስካውቱ ደመወዝ የሚፈልገው እንግዳ በመጣበት ወር ብቻ አይደለም። የውሃ ሙቀት መጨመር ያስከተለው የኮራል መንጣትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 የሕንድ ውቅያኖስ ኮራሎች በስፋት ተጎድተዋል። ይህን ማንም ሎጅ በራሱ ሊከላከለው አይችልም፤ በፍሳሽና በመረብ ያልተዳከመ አለት ግን ከጉዳቱ የማገገም ዕድሉ የተሻለ ነው።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የጥበቃ ክልሎች በፌዴራልና በክልል መንግሥታት ብቻ ሳይሆን በግል ባለሀብቶችና በአካባቢ ማኅበረሰብ ጭምር ሊተዳደሩ የሚችሉበትን መንገድ ከፍቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ሊያደርሱ የሚችሉት ጉዳት እንዲጠና ይደነግጋል። ስለዚህ በቹምቤ የታየው ዓይነት አሠራር ከሕጋችን መንፈስ ውጭ ነው ሊባል አይችልም።

ልምዱም ቢሆን አለን፤ መልካም ፍጻሜ አላገኘም እንጂ። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን እ.ኤ.አ. ከ2004፣ የኦሞ ብሔራዊ ፓርክን ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ለማስተዳደር ውል ወስዶ ነበር። በ2008 ግን ሁለቱንም ለቆ ወጥቷል። በነጭ ሳር የነበረው ዋነኛ እንቅፋት በፓርኩ ውስጥ የሚኖረውና ከብቱን የሚያሰማራው ሕዝብ ጉዳይ እልባት አለማግኘቱ ነው። ከቹምቤ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ቹምቤ ነዋሪ አልነበራትም። የእኛ ፓርኮች በአብዛኛው ሰው የሚኖርባቸው ወይም ለግጦሽ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ሰው ባልነበረበት ደሴት የተሳካው ውል ሰው ባለበት ሜዳ እንዳለ ሊተከል አይችልም። ሊወሰድ የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ከጎጆው በፊት ስካውቱ፣ ከስካውቱ በፊት ከመንደሩ ጋር የሚደረገው ንግግር።

የአየር ንብረቱም ይለያያል። ቹምቤ ላይ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ነፋስ ይፈታዋል። በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ ወይም በወንጪ ግን ችግሩ የሌሊት ብርድ ነው። ብስባሽ የሚሠሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን በብርድ ሥራቸው ስለሚዘገይ በሞቃት ደሴት በወራት የሚበስለው በደጋ ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ጉድጓድ ይፈልጋል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያውም ውርጭ እንዳይሰነጥቀው ተደርጎ መሠራት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንግዳው እሳት መሞቅ ይፈልጋል። በሎጁ የእሳት ምድጃ የሚነደው እንጨት ከየት ይመጣል? ከጥብቅ ደኑ ተቆርጦ ከሆነ ሎጁ ሊጠብቀው የመጣውን ሀብት እያነደደ ነው። ነዋሪው በሴትና በሕፃናት ጫንቃ ከሚሸከመው ማገዶ ከሆነ ደግሞ የመንደሩን የማገዶ ዋጋ ያስወድዳል። ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ፣ ወደ ቀትር ፀሐይ የዞረ መስኮትና በሚገባ የተከደነ ጣሪያ የማገዶውን ፍጆታ በእጅጉ ይቀንሳሉ። ይህ ግን የሚወሰነው ቤቱ በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ንድፉ ለማጽደቅ በሚቀርብበት በዚያ ቀን።